ባሕር ወሰደው

በዓመት ሁለት ጊዜ መጻሕፍት ጭነን፣
ከኖርዌይ ደሴቶች ደጅ እንጠናለን፤
ቶርሞድ መሪውን ይዞ፣ እኔ ማኅተሜን፣
ማዕበሉ ሲንጠን ከነመደርደሪያችን።

መልሕቅ እንደጣልን ሕፃን ይቀድማል፣
ቦት ጫማው ሰፊ ነው፣ አፍንጫው ይንጠባጠባል፤
ከኋላው ወላጁ ቀስ ብሎ ይመጣል፣
እንደ መድኃኒት ቤት ማዘዣውን ይጠራል፦

«ለቅናት የሚሆን አንድ መጽሐፍ ስጪኝ፣
ታናሽ ተወልዶባት ልጄ አስቸገረችኝ።»
«ጨለማ ለሚፈራ?» «ለሚነጥቅ በጉልበት?»
«ይቅርታ በል ሲባል ለሚቆልፍ አንደበት?»

እኔም እሰጣለሁ።
ለቅናት ዝሆን አለኝ፣ ወንድሙን የሚያዝል፣
ለስስት አንድ ጃርት፣ ፖሙን የሚያካፍል፣
ለፍርሃት ጉጉት፣ ጨረቃን የምትስል።
ሥዕላቸው ደማቅ፣ ቃላቸው ጥቂት፣
ጠርዛቸውን ድድ ያኘከው፣ ገና ጥርስ ሳይበቅልበት።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናብ እያካፋ፣
ዓሣ አጥማጁ ቶርጋይር፣ ትከሻው የሰፋ፣
መጣ ልጁን ኦድሩንን በእጁ እየገፋ።
«ውሸት ጀምራለች» አለኝ ዝቅ ብሎ፣
«እውነት የሚያስተምር ፈልጊልኝ ቶሎ፣
ሥር ሳይሰድ በፊት፣ አሁን ገና በቅሎ።»

እኔም መዝገቤን ገልጬ ባየው፣
የሚያዝያው መጽሐፍ አልተመለሰም ያው፤
እሱም (ሳቄን ዋጥኩት) ስለ እውነት ነው፦
አንዲት ቀበሮ ናት፣ እንጨት ልቀሚ ሲሏት
«እግሬን አሞኝ» የምትል፣ ምንም ሳይነካት፤
ኋላ በእርግጥ አንድ ቀን እሾህ ቢወጋት፣
ዱሩ ሁሉ ሳቀ፤ ደግሞ ማን ይመናት?

«ኦድሩን፣ የቀበሮዋስ መጽሐፍ የታለ?»
ከንፈሯ ጠበቀ፣ ጉንጯ ተቃጠለ፤
«ባሕር ወሰደው» አለች፤ እንባዋ ቸኮለ።
አባትየው ቀላ፣ ሊቆጣ ከጀለ።
እኔ ግን እስክሪብቶ አነሣሁ በቀስታ፣
ጻፍኩት እንዳለችው፣ ቃል ሳልለውጥ ላፍታ፦
«ባሕር ወሰደው።» ቀን፣ ፊርማ፣ ቦታ።

ባሕሩን አውቀዋለሁ፣ ብዙ ነገር ይወስዳል፦
መረብ፣ ጓንት፣ የሰው ባል።
መጽሐፍ ግን አይወድም፤ ያኝክና ይተፋል።

ሞተሩ ተነሣ፣ ቶርሞድ ጥሩምባ ነፋ፣
ገመዱ ሲፈታ፣ ጭሱ በዝናብ ሲጠፋ፣
አንዲት ቢጫ ካፖርት ከኮረብታው ወረደች፣
ግራ ቦት ጫማዋን ለጭቃው ሰዋች፣
በሹራብ ጠቅልላ አንድ ነገር አቀፈች።

ዘረጋችልኝ። ዝም። እኔም ሹራቡን ፈታሁ፣
የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አየሁ፦
እሾሁ በወጋት፣ በቀበሮዋ እግር ላይ፣
እውነተኛ ፕላስተር፣ ቀለሙ እንደ ሰማይ፤
ሌላም ከሥሩ፣ ሌላም ከጎኑ፣
ያረጀው ተልጦ የተተካ በየቀኑ።

«ያማታል» አለች፤ «ሁሉም ውሸታም ነሽ ሲሏት፣
እሾሁ ግን እውነት ነበር፣ በደንብ ነው የወጋት።
እዚያ ገጽ ላይ ትቻት እንዴት ልመልሳት?
እስኪድን ብዬ ነው። ባሕሩ አልወሰዳት።»

ይህን መጽሐፍ ስንቴ ለስንት ልጅ አንብቤ፣
«አያችሁ መዋሸት?» ብያለሁ ድምፄን ሰብስቤ፤
እግሯ ይድን እንደሁ አላለም አንድ ቀን ልቤ።

«ባሕር ወሰደው»ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣
«ባሕር መለሰው» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ።
(ውሸቴን ቁጠሩብኝ፤ እኔም ገና እየተማርኩ።)

ቶርጋይር ደረሰ ያችን ቦት ጫማ ይዞ፣
ከልጁ ጀርባ ቆመ፣ ቁጣውም ደብዝዞ።
እሷን አልተናገረም። ወደኔ ቀረብ አለ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን እየጣለ፦
«አንዲት መጽሐፍ አለች፣ ከድሮዋ ጀልባ፣
ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ሥዕሏ እንደ አበባ፤
ቆጥ ላይ ናት...» ጉሮሮው ተዘጋ።
«የሠላሳ አንድ ዓመት ቅጣት ስንት ነው ዋጋ?»

ቶርሞድ ሞተሩን አጥፍቶ ገመዱን መልሶ አሠረ።
ዝናቡ ጨመረ።
ኦድሩን አባቷን ቀና ብላ አየችው፤
ኪሷን በረበረች፣
የቀረችውን አንዷን ፕላስተር ሰጠችው።